ዘጠና ስድስት ያልደረሰው ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ኅሩይ ዕቃቸውን ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ደረደሩልኝ። አንገቱ እንደ ሽመላ የቀጠነ ማንቆርቆሪያ፣ ቂጡ የተበሳ የሸክላ ቆብ፣ ቆቡ ውስጥ ልክ ብሎ የሚገባ ወረቀት፣ በእጅ የሚዞር ወፍጮ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ በመጨረሻም ሚዛን። ሚዛኑን ሳይ ተሳስቼ ወርቅ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

"ቡና በሚዛን ነው?" አልኳቸው።

"በሚዛን ነው" አሉ። "እስከ ዛሬ ሳትመዝን ስትጠጣው የኖርከው ቡና አልነበረም።"

እኔ እንግዲህ እዚያ ከመግባቴ በፊት ላምበረት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካፌ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ባሬስታ ነበርኩ። ወደ ሰሜን የሚሄደውን ሕዝብ በሙሉ ቀስቅሼ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ። ያለ እኔ ማኪያቶ አንድም ሾፌር የዓባይን በረሃ ዓይኑን ገልጦ አልወረደም። ማሽኑ ሦስት ጊዜ በእንፋሎት ሊገድለኝ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ የተሳካለት እግሬ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆሜ የባቴ ደም ሥር የመርከብ ገመድ አክሏል። ስለዚህ አቶ ኅሩይ "ዋና አሰልጣኝ የሚሆነው ሰው የራሱ ወንበር ይኖረዋል" ሲሉኝ፣ ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ሁሉ አልሰማሁም። ማታ ለባለቤቴ የነገርኳት ስለ ቡናው ሳይሆን ስለ ወንበሩ ነው።

ሥራው ይህ ነበር። ቢሯችን መገናኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ናት። ድርጅቱ እነዚያን ዕቃዎች ለየቤቱ ይሸጣል፤ ለገዛ ሰው ደግሞ ለሦስት ቀን አሰልጣኝ ይልካል። አሰልጣኙ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሰው ቡና እንዴት እንደሚያፈስ ያስተምራል። አዎ፣ በዚህ አገር። ለዓሣ ዋና ማስተማር ማለት ነው። አሠራሩን "ፑር ኦቨር" ይሉታል፤ "ከላይ አፍስስበት" ማለት ነው። እናቴ እግሯን ስትታጠብ የምታደርገው ነው፤ ልዩነቱ እሷ ሰዓት አትይዝም።

ሥርዓቱን እንደ ዳዊት ነው ያጠናሁት። ሃያ ግራም ቡና ይመዘናል። ወረቀቱ በሙቅ ውሃ ይርሳል፤ አለዚያ ቡናው ወረቀት ወረቀት ይላል። የተፈጨው ይገባና መሐሉ በጣት ጎድጎድ ይደረጋል። መጀመሪያ ትንሽ ውሃ ብቻ ጠብ ይደረግበትና ሠላሳ ሰከንድ ይጠበቃል፤ ቡናው ያብጣል፣ አረፋ ይተፋል። ይህን አቶ ኅሩይ "ማስተንፈስ" ይሉታል። ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር በቀጭኑ እየተዞረ ይፈስሳል። ሦስት መቶ ግራም ውሃ፣ ሦስት ደቂቃ። የሚገኘው አንድ ስኒ ነው። ላምበረት ላይ በሦስት ደቂቃ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አጠጣ ነበር።

ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የሲ.ኤም.ሲ ሰዎች ነበሩ። አንዷ ወይዘሮ የሰጠኋቸውን ወረቀት አጥበው ልብስ ማስጫው ላይ በመቆንጠጫ ሰቅለው አገኘኋቸው። "አንዴ ተጠቅሞ መጣል ነውር ነው" አሉኝ። ወረቀቱ በአምስተኛው ቀን የባላቸውን ካልሲ መስሎ ነበር። ሌላው ደንበኛዬ የጸሎት ኅብረት መሪ ናቸው፤ "ለእንግዶቼ በዚህ አፍላልኝ" ብለው ጋበዙኝ። እንግዶቹ ሃያ ሁለት ናቸው። አንድ በአንድ አፈሰስኩ። መጀመሪያ የጠጣው ሰው ጠጥቶ፣ ዘምሮ፣ ጸልዮ፣ ቤቱ ሄዶ የመጨረሻው ገና ስኒውን አቅፎ ይጠብቅ ነበር። ሰውየው ግን አልተቆጡም። "ትዕግሥት የመንፈስ ፍሬ ነው፤ አንተ ደግሞ ዛሬ ፍሬውን በካርቶን አመጣህልን" አሉኝ።

በዚህ ዓይነት ዓመት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ቴርሞሜትር መጣ።

አቶ ኅሩይ ከዚህ ንግድ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ለረጅም ጊዜ የሥልጠና ኃላፊ ነበሩ። ሲወጡ ማኅተሙን ብቻ ነው ትተው የወጡት። ዓርብ ዓርብ ግምገማ እንቀመጣለን። አራት ነን፤ አራት ሰው ስለ ቡና ተገማግሞ ግለ ሂስ ያደርጋል። እሳቸው የውጭውን መመሪያ በገዛ እጃቸው ወደ አማርኛ መለሱትና ቅጽ አወጡለት፦ የቡናው ክብደት፣ የፈጀው ጊዜ፣ የውሃው ሙቀት፣ የደንበኛ ፊርማ። ከሙቀቱ ሳጥን ሥር በደማቁ "ውሃው ዘጠና ስድስት ዲግሪ ሳይደርስ አይፈስስም" ይላል። እስከዚያ ድረስ ውሃው ሲፈላ አውርደን ትንሽ ቆይተን እናፈስስ ነበር፤ ማንም አልሞተም።

ቴርሞሜትሩን ይዤ የሄድኩበት የመጀመሪያው ቤት መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ ዘጠና ሁለት ላይ ሲደርስ እንደ እምቢተኛ በቅሎ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል። ጠበቅኩ። ማድ ቤቱ ጉም ዋጠው። ማንቆርቆሪያው እስኪጎድል ጠበቅኩ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ደንበኛው ሳሎን ስልክ ያወራል። ቅጹ ላይ ዘጠና ስድስት ብዬ ጻፍኩና አስፈረምኩት።

በማግስቱ ቢሮ ስንገናኝ ባልደረባዬን ብሩክን ጠየቅኩት።

"ያንተ ቴርሞሜትር ስንት ይላል?"

"ዘጠና ስድስት ነዋ።"

"ስታየው ነው ስትጽፈው?"

ብሩክ ወፍጮውን መጥረጉን አላቋረጠም። "ጌትሽ፣ ያ ሳጥን እኮ የተሠራው ዘጠና ስድስት እንዲጻፍበት ነው። አንተ ሳጥኑን ልታስተምር ነው እንዴ?"

እኔም ተማርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ዘጠና ስድስት ጻፍኩ። አራታችንም ጻፍን። አቶ ኅሩይ ግድግዳው ላይ "የሙቀት አፈጻጸም መቶ በመቶ" የሚል ሠንጠረዥ ሰቀሉ። ሠንጠረዡን ባየሁ ቁጥር ያ ወንበር ወደ እኔ አንድ ክንድ የተጠጋ ይመስለኝ ነበር፤ ዋና አሰልጣኝ ለመሆን የቀረነው እኔና ብሩክ ነበርንና።

ከዚያ ሲስተር ሰብለ ቤት ደረሰኝ።

ሲስተር ሰብለ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ቤታቸው ሲ.ኤም.ሲ ነው፤ መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ ሰፈሩ በሙሉ ዱቄት የተነፋበት የሚመስልበት ጊዜ ነበር። ዕቃውን የገዙት የቡና አተላ ጨጓራቸውን እየነካቸው ነው። ከሳቸው ጋር እትዬ ሎሚ አሉ፤ ምግብ አብሳያቸው። እትዬ ሎሚ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ የሚናገሩ፣ ማለዳ ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ከቤታቸው በእግራቸው ወርደው የሚመጡ ሴት ናቸው። የመጣሁ ቀን የገባሁበትን ሳሎን በአገጫቸው እያሳዩ "ይሄ እንኳ የአባቴ ጤፍ ማሳ ነበር" አሉኝ፤ ልክ "ዛሬ ይዘንባል" እንደማለት። ከዚያ ሽንኩርት መክተፋቸውን ቀጠሉ።

ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ሲስተር ሰብለ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ቆሙ። ይሄ ነው ጣጣው። ከዚያ በፊት አጠገቤ የቆመ ደንበኛ አልነበረም።

ዘጠና ሁለት። ቆመ።

"ምን እየጠበቅን ነው?" አሉ።

"ዘጠና ስድስት እስኪደርስ ነው ሲስተር።"

ጠበቅን። ውሃ ጨመርኩ። እንደገና ጠበቅን።

"ልጄ፣ ይሄ ቡና ነው ወይስ ንፍሮ?"

እትዬ ሎሚ ከሽንኩርታቸው ቀና ሳይሉ "አትድከም ወንድሜ። የዚህ አገር ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም" አሉ። እኔ የሠለጠንኩ ሰው ነኝ፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው የነገረኝን ቅጽ ላይ አላሰፍርም። አልሰማኋቸውም። በመጨረሻ አፈሰስኩ፤ ቅጹን ሞልቼ እንዲፈርሙ ዘረጋሁላቸው።

ሲስተር ሰብለ አነበቡና መለሱልኝ። "ዘጠና ስድስት ይላል።"

"አዎ ሲስተር።"

"እኔ ያየሁት ዘጠና ሁለት ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ትኩሳት ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም፣ ሌላው በጻፈው ላይም አልፈርምም። አስተካክለውና አምጣው።"

ያለ ፊርማ ቅጽ ይዞ መመለስ ደግሞ እንዳልሄዱ ይቆጠራል። ሰረዝኩና ዘጠና ሁለት ጻፍኩ። ፈረሙ። በሁለት ወር ውስጥ የጻፍኩት የመጀመሪያው እውነት በአንዲት ጡረተኛ ትእዛዝ የተጻፈ ነው፤ አልኮራበትም።

ዓርብ ግምገማ ተጠራሁ። አቶ ኅሩይ ቅጼን በሁለት ጣታቸው፣ የሞተ አይጥ እንደሚያዝ፣ አንጠልጥለው ያዙት።

"ከአራት አሰልጣኝ ሦስቱ ዘጠና ስድስት እያደረሱ አንዱ ዘጠና ሁለት ላይ ከቀረ፣ ችግሩ የውሃው ነው ወይስ የአመለካከት?"

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ብሩክ ነው። "ጌታሁን ወንድማችን ነው፣ ጎበዝም ነው። ትዕግሥት ግን ይጎድለዋል። ውሃውን ቸኩሎ ያወርደዋል።" ሌላው ተከተለ፤ "ከላምበረት ይዞት የመጣው የጥድፊያ ልማድ አለ" አለ። ሦስተኛው ምን እንደሚል ጠፍቶት "እኔም እሱኑ አጠናክራለሁ" ብሎ ተቀመጠ። ሦስቱም ዘጠና ስድስትን በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም። ውሃ ባለማፍላት የተገመገመ ሰው በዓለም ላይ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

"ሄደን እንየው" አልኩ። "እዚያው ቤት፣ ሁላችሁም ባላችሁበት።"

አቶ ኅሩይ ሐሳቡ ተስማማቸው። "በተግባር ይረጋገጣል። ካደረስክ ዋና አሰልጣኝ ነህ። ካላደረስክ አንተና ይህ ድርጅት በሰላም እንለያያለን።"

ማክሰኞ ጠዋት አምስታችንም ሲስተር ሰብለ ማድ ቤት ገባን። ሦስት ቴርሞሜትር ይዘናል። ሦስቱም ዘጠና ሁለት አሉ። አቶ ኅሩይ አጎንብሰው ምድጃውን አዩና "የመብራቱ ጉልበት አንሶ ነው" አሉ። ይህን ከአፋቸው እንዳወጡ መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። የዚያን ጊዜ መብራት ሰው ሲያማው ይሰማ ነበር።

እትዬ ሎሚ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። "እኔ ቤት የባሕር ዛፍ እንጨት አለ። የእሱ እሳት ድንጋይ ያቀልጣል። እንሂድ ካሉ እንሂድ የኔ ጌታ።" ሲናገሩ ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንዲት ፈገግታ ነበረች፤ ያኔ አልገባችኝም።

በአቶ ኅሩይ መኪና ተጠቅጥቀን ወጣን። ሲስተር ሰብለም የራሳቸውን ዕቃ በዘንቢል ይዘው ገቡ፤ "ይሄንን ሳላይ አልቀርም" አሉ። የካ ሚካኤልን አልፈን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስንወጣ መኪናው በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል፤ ግማሹን መንገድ እኛ ወርደን በእግር ተከተልነው። አቶ ኅሩይ ግን እየፈኩ ሄዱ። "ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይጠራል" አሉ። "እሳት የጠራ አየር ይወዳል። አሁን ታያላችሁ።"

እትዬ ሎሚ ግቢ እሳቱ ዝግጁ ነበር። ምራታቸው አንድ ትልቅ ድስት ጥዳለች። ማንቆርቆሪያችንን ከጎኑ አስቀመጥነው። ገና ቁጭ ሳንል ፈላ።

"አያችሁ አይደል" አሉ አቶ ኅሩይ። "እሳት ማለት ይሄ ነው።"

ሲስተር ሰብለ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቴርሞሜትሩን ከተቱ፤ ቆዩ።

"ዘጠና" አሉ።

ሁለተኛው ቴርሞሜትር ገባ። ዘጠና። ሦስተኛውም ያው። ሲ.ኤም.ሲ ከነበረንም ላይ ሁለት ዲግሪ አጥተናል። ብሩክ አንድ እቅፍ እንጨት ጨመረ። ነበልባሉ ቅንድቤን ለበለበኝ፤ መርፌው እዚያው ተቀምጧል።

እትዬ ሎሚ የድስቱን ክዳን ከፈቱ፤ በጭልፋ አንድ ባቄላ አወጡና ለአቶ ኅሩይ ሰጧቸው። "እስቲ ይቅመሱልኝ።"

አቶ ኅሩይ ነከሱ። ከጥርሳቸው የወጣውን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው።

"መቼ ነው የተጣደው?"

"ማለዳ። እኔ ወደ ሥራ ስወርድ።" ክዳኑን መለሱት። "እዚህ እኛ ጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎ ግን አያበስልም። ናዝሬት ያለችው እህቴ ባቄላ ጥዳ ገበያ ደርሳ ስትመለስ በስሎ ይጠብቃታል። እኔ አንድ ድስት ለማብሰል አንድ ባሕር ዛፍ እጨርሳለሁ። ለወንድሜ እኮ የዚያን ቀን ነግሬው ነበር።"

ነግረውኝ ነበር።

"ከፍታው ነው" አሉ ሲስተር ሰብለ። "አየሩ በሳሳ ቁጥር ውሃ ቀድሞ ይፈላል። ከፈላ በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብታነዱበት ሙቀቱ አይጨምርም። መርፌ የምንቀቅልበት ድስት ክዳኑ በብሎን የሚጠብቀው ለዚህ ነበር፤ እንፋሎቱን አፍነን ነው የምናሞቀው።"

"መመሪያው ግን..." አሉ አቶ ኅሩይ።

"መመሪያውን የጻፈው ሰው ውቅያኖስ ዳር ተቀምጦ ነው የጻፈው" አልኩ። "እንጦጦ ማርያምን አይቷት አያውቅም።"

አቶ ኅሩይ ባቄላዋን በመሐረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ሰው ነገር ሲገባው ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ እሳቸው ላይ ሲገባቸው አየሁት፣ ወዲያው ደግሞ ሲያስወጡት አየሁት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጥሩ። ይሄ የአካባቢው የተለየ ሁኔታ ነው። የሌሎቹ ሦስቱ ዘጠና ስድስት ግን በቅጽ የተረጋገጠ ነው፤ በደንበኛ የተፈረመ። ስለዚህ ጌታሁን፣ ዘጠና ሁለቱን 'የንባብ ስህተት ነበር' ብለህ አጭር ግለ ሂስ አድርግና ነገሩ እዚሁ ይዘጋ። እኔም ቃሌን አላጥፍም። ወንበሩ ያንተ ነው።"

እግሬ ያን ሰዓት ይጠዘጥዘኝ ነበር። ሽቅቡን ግማሹን በእግር ነው የወጣነው፤ መኪናው ሁላችንንም አልሸከምም ብሎ። ወንበሩን ቁልጭ አድርጌ አየሁት፤ የሚሽከረከር ነው፣ ክንድ ማሳረፊያ አለው። ለባለቤቴ ቀለሙን ሳይቀር ነግሬያታለሁ። ብሩክ መሬት መሬት ያያል። ሲስተር ሰብለ መነጽራቸውን አላወለቁም፤ ቴርሞሜትሩን በሚያዩበት ዓይን እኔን ያያሉ።

"ግለ ሂሴን አቀርባለሁ" አልኩ። "ሁለት ወር ሙሉ በሞላሁት ቅጽ ሁሉ ዘጠና ስድስት ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። እውነት የጻፍኩት አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም የተገመገምኩበት ነው።"

አቶ ኅሩይ ረጋ ብለው "የሌሎቹስ?" አሉ።

"የሌሎቹን ሌሎቹ ይናገሩ።"

ብሩክ አንዱን ባሕር ዛፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይመረምር ጀመር። በዚያ ዓይነት ትኩረት ያን ዛፍ የተከለው ሰው እንኳ አላየውም። ሌሎቹ ሁለቱም የየራሳቸውን ዛፍ አገኙ። አቶ ኅሩይ የድርጅቱን ማንቆርቆሪያ ውሃውን ደፍተው አነሱ።

"ሲስተር፣ ላድርስዎት" አሉ።

"ቡናዬን ሳልጠጣ የትም አልሄድም" አሉ ሲስተር ሰብለ።

መኪናው ቁልቁል ሲወርድ አላቃሰተም።

እትዬ ሎሚ በርጩማ አቀረቡልኝ። ተቀመጥኩ። ሲስተር ሰብለ ከዘንቢላቸው የራሳቸውን ዕቃ አወጡ፤ በዘጠና ዲግሪ ውሃ አፈሰስኩ። ድንቅ ነበር ብል እዋሻለሁ። ቀጥኗል፣ ትንሽም ኮምጥጧል። ሁለተኛውን ወፍጮውን አንድ ጥርስ አጥብቄ፣ ቡናውን ደቀቅ አድርጌ፣ ውሃውን ከእሳት እንደወረደ ሳላቆይ፣ በቀስታ አፈሰስኩት። ሆነ። ሁለት ዓመት በሚዛንና በሰዓት ስጃጃል ያልተማርኩትን ባቄላ እስኪበስል ተማርኩት። እትዬ ሎሚ ቀምሰው "ይሄ ወረቀት ጉልበቱን ጠጥቶታል" አሉና ስኒውን መለሱልኝ።

ወንበሩን ብሩክ ወሰደው። ቆይቼ እንደሰማሁት አቶ ኅሩይ ቅጹን አሻሽለው አሳተሙት፤ የሙቀቱ ሳጥን ውስጥ ዘጠና ስድስት አስቀድሞ ታትሞበት መጣ። የአሰልጣኙን ድካም ቀነሰ ማለት ነው። እኔ በግሌ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ፤ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ቆብ፣ አንድ ወፍጮ፣ ቅጽ የለም። የመጀመሪያ ደንበኛዬን ያገኙልኝ ሲስተር ሰብለ ናቸው። እግሬ እንዳበጠ ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ "ያ ወንበር" እያለች ታነሳብኛለች።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው የምለው ይህን ነው። ሲ.ኤም.ሲ ላይ ውሃ ዘጠና ሁለት ላይ ይፈላል፣ እንጦጦ ላይ ዘጠና። ቡናውን አድቅቀው፣ ውሃውን ሳታቆይ አፍስሰው። ዘጠና ስድስት ብሎ የጻፈልህ ሰው ካለ፣ እሱ ማንቆርቆሪያው አጠገብ አልነበረም።